ቁርጥማት ሁሉ የብርድ አይደለም

ሱሉልታ ከእንጦጦ ተራራ ጀርባ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የጠዋት ውርጯ ይታወቃል። በቡራዩ በገፈርሳ በኩል፣ በሰበታም በወጨጫ ግርጌ ብርዱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ጉልበታችንን ሲያመን «ብርድ መታኝ፣ ቁርጥማት ያዘኝ» እንላለን። እውነት ነው፣ ብርድ ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል። በሽታውን የሚያመጣው ግን ብርድ አይደለም። ቁርጥማት የምንለውም አንድ በሽታ ብቻ አይደለም።

በግ ስናርድ የእግሩን መገጣጠሚያ አይተናል። የአጥንቶቹ ጫፍ ነጭና ልሙጥ በሆነ ነገር ተሸፍኗል። ይህም ልም አጥንት ይባላል። በመካከሉ የሚያሙለጨልጭ ፈሳሽ አለ። የእኛም ጉልበት እንደዚሁ ነው። አጥንቶቻችን እንዳይፋጩ የሚጠብቋቸው እነዚህ ናቸው።

አንደኛው ዓይነት ቁርጥማት ልም አጥንቱ ሲሳሳና ሲበላ ይመጣል። ዕድሜ፣ ከባድ ሸክም፣ ውፍረትና የቆየ ጉዳት ያፋጥኑታል። ሲሠሩ ያማል፤ ሲያርፉ ይሻላል።

ሁለተኛው የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ ሲወጋ ነው። የሁለቱም እጆች ጣቶችና አንጓዎች ያብጣሉ። ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ እጅ አልታዘዝ ይላል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል። በጊዜ ሆስፒታል ካልተኬደ ጣት ይጣመማል።

ሦስተኛው ሪህ ነው። ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር በደም ውስጥ ሲበዛ፣ እንደ መርፌ የሾለ ሆኖ በመገጣጠሚያ ውስጥ ይጠራቀማል። ብዙ ጊዜ የእግር አውራ ጣት በሌሊት ድንገት ያብጣል፣ ይቀላል። ሥጋና መጠጥ ማብዛት ያባብሰዋል።

አራተኛው የልጆች ነው። ከሁሉም ይህን እንወቅ። በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ይይዛል። ልጁን መጀመሪያ ጉሮሮውን ያመዋል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ያተኩሰዋል። ዛሬ ጉልበቱ፣ ነገ ቁርጭምጭሚቱ፣ ከነገ ወዲያ ክርኑ ያብጣል። ከዚያ እብጠቱ በራሱ ይጠፋል። እኛም «ብርድ ነበር፣ ለቀቀው» ብለን እንረሳዋለን። በሽታው ግን የልብን በሮች ሊያበላሽ ይችላል። ከዓመታት በኋላ ዳገት መውጣት ያቅተዋል፤ ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ስታረግዝ ትንፋሽ ያጥራታል።

መከላከያው አለ። ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥል አናስቆርጥ፤ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። በሽታው አንዴ ከያዘው ደግሞ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለብዙ ዓመታት ይወጋል። «ድኗል» ብሎ ማቋረጥ ልጁን ለልብ በሽታ አሳልፎ መስጠት ነው።

ጉልበቱ የተበላበት ሰውስ ምን ያድርግ? ብዙዎቻችን «ይተኛ» እንላለን። ነገር ግን ተኝቶ የሚውል ሰው ጡንቻው ይሰልላል። ጡንቻ ሲሰልል ሸክሙ ሁሉ በመገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አንድ እግሩን ቀጥ አድርጎ ያንሳ፤ እስከ 10 ይቁጠር፤ ቀስ ብሎ ያውርድ። በየእግሩ 10 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ ያድርገው። ቀኝ ጉልበቱን የሚያመው ምርኩዙን በግራ እጁ ይያዝ። ውሃና ማገዶ መሸከም የእናቶች ዕዳ ብቻ መሆኑ ይቅር፤ ቤተሰቡ ይካፈለው፣ አህያም ይጫን።

አዲስ አበባ ፍል ውሃ ወርደው የሚታጠቡ አሉ። ሙቀት ያስታግሳል፤ የተበላውን ልም አጥንት ግን አይመልስም። ቤት ውስጥ በሞቀ ውሃ የተነከረ ጨርቅም ይረዳል። ዋግምት ግን አደጋ አለው፤ በአንድ ምላጭ ብዙ ሰው ሲበጣ ኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ ይተላለፋሉ። ጎረቤት የሰጠንን ክኒንም አንዋጥ። አንዳንዱ ማስታገሻ ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል።

አንድ መገጣጠሚያ ድንገት አብጦ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ከጨመረበት መግል ሊሆን ይችላል። ነገ አንበል፤ በዕለቱ እንሂድ።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. የልጆች ቁርጥማት ከአዋቂዎች በምን ይለያል?
2. ተኝቶ መዋል ጉልበትን የሚጎዳው ለምንድን ነው?
3. በቤታችሁ ከባዱን ሸክም የሚሸከመው ማን ነው? እንዴት ልትካፈሉት ትችላላችሁ?