ቤት ከመግዛት አስቀድሞ ፈቃዱን መመርመር እንደሚገባ

በግራና ወይም በመርሳ ገበያ በሬ ሊገዛ የወጣ ገበሬ አስቀድሞ ጥርሱን ያያል፤ ሻኛውን ይዳስሳል፤ ወዲያና ወዲህ ያስኬደዋል፤ ሻጩም ከወዴት እንደ መጣ ይጠይቃል። ይህን ያህል ለበሬ የሚጠነቀቅ ሰው ግን፥ ልጁ በዐረብ አገር ደክማ የላከችውን የብዙ ዘመን ገንዘብ ለቤት ሲከፍል፥ ግድግዳው መለሰኑንና ቆርቆሮው ማብረቅረቁን ብቻ አይቶ ይፈርማል። የበሬ ጉዳት በአንድ ክረምት ይረሳል፤ የቤት ጉዳት ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

በገጠርና በትንንሽ ከተማ ውሉን የሚጽፈው ብዙ ጊዜ መምህሩ ነው፤ ምስክር ኾነው የሚፈርሙትም ሽማግሎች ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን እነርሱ ቢያውቁት ለጎረቤቶቻቸው ኹሉ ጥቅም ይኾናል።

አስቀድሞ መሬትንና ቤትን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የገጠር መሬት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ የከተማ ቦታም በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጡት ዐዋጆች የሕዝብ ሀብት ኾነ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መኾኑን፥ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይናገራል፤ ነገር ግን ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬት ላይ የሠራው ቤት የራሱ ሀብት መኾኑን ያጸናል። እንግዲህ የሚሸጠው ቤቱ ነው እንጂ መሬቱ አይደለም።

ከዚህም የተነሣ ታላቅ ማታለል ይደረጋል። በከተማው ዳር ያለ የእርሻ መሬት ላይ አንዲት ጎጆ በሌሊት ትቆምና «ቤት ሸጥሁ» ተብሎ ውል ይጻፋል። ሕዝቡ እንዲህ ያለውን «የጨረቃ ቤት» ይለዋል። የገጠር መሬት ደብተር ለእርሻ ባለይዞታነት ማስረጃ ነው እንጂ የከተማ ቤት ለመሥራት ፈቃድ አይደለም። ውሉ ሕገ ወጥ ነው ተብሎ ሲፈርስ ገዢው ገንዘቤን መልስ ብሎ ይከሳል፤ ሻጩ ግን ገንዘቡን ጨርሶታል። መንግሥትም ቤቱን ባፈረሰው ጊዜ፥ ያለ ፈቃድ የተሠራ ነውና ካሳ አይከፈልበትም።

ስለዚህ ገዢ የሚኾን ሰው እነዚህን ነገሮች በተራ ይመርምር።

አንደኛ፥ የይዞታ ማረጋገጫውን ካርታ ማየት ነው። ሻጩ በሚያሳየው ወረቀት ብቻ መርካት አይገባም፤ ካርታውን ይዞ ወደ ማዘጋጃ ቤት መሄድና ስሙ፥ ቁጥሩና የቦታው ስፋት ከመዝገቡ ጋራ መስማማቱን መጠየቅ ነው። ከዚያ በኋላ ቦታውን አዋሳኞቹ ባሉበት በሜትር መለካት ነው።

ሁለተኛ፥ የግንባታ ፈቃዱን መመልከት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ ዐዋጅ ቁጥር 624 ሕዝባቸው 10,000ና ከዚያ በላይ በኾነ ከተሞች ማንም ያለ ፈቃድ እንዳይሠራ ደነገገ፤ በሌሎችም ስፍራዎች ክልሉ ሲወስን እንዲሠራበት አዘዘ። ሕግ በየጊዜው ስለሚሻሻል በዘመኑ የጸናውን ከማዘጋጃ ቤቱ መጠየቅ ይገባል። ፈቃዱ ከተገኘ ፕላኑን በእጅ ይዞ ቤቱን መዞር ነው። ፕላኑ ሦስት ክፍል ሲል ቤቱ አምስት ቢኾን፥ ወይም በመንገዱ በኩል ሱቅ ተቀጥሎ ቢገኝ፥ የተጨመረው ያለ ፈቃድ የተሠራ ሊኾን ይችላል፤ ጣጣውም በገዢው ላይ ይወድቃል።

ሦስተኛ፥ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ማጣራት ነው። ቤቱ ለባንክ መያዣ ኾኖ ወይም በፍርድ ቤት ታግዶ ይኾናል፤ የሊዝ ክፍያም ሳይከፈል ቀርቶ ይኾናል።

አራተኛ፥ ሻጩ የመሸጥ ሥልጣን ያለው መኾኑን ማረጋገጥ ነው። ቤቱ የባልና የሚስት ከኾነ ሁለቱም ይፈርሙ፤ የውርስ ከኾነ ወራሾች ኹሉ ይስማሙ። ወኪል ከኾነም ቤት ለመሸጥ በግልጥ የተሰጠ ልዩ ውክልና ያሳይ፤ ጠቅላላ ውክልና አይበቃውምና።

የግብር ደረሰኝ፥ የውሃና የመብራት ቆጣሪ የፈቃድ ማስረጃ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ግብር መክፈል ግብር መክፈልን ብቻ ያስረዳል፤ መብራቱም ፈቃድ በሌለው ቤት ይበራል።

ይህ ኹሉ ከተፈጸመ በኋላ ውሉ በጽሑፍ ይኾናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ሀብት ውል በጽሑፍ ኾኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል። ስለዚህ በሽማግሎች ፊት የተፈረመው ወረቀት መነሻ እንጂ ፍጻሜ አይደለም፤ ሰነድ ከሚያረጋግጠው ጽሕፈት ቤት ማድረስ፥ ቀጥሎም ስሙን በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ማዛወር ያስፈልጋል። ዋናው ገንዘብም ይህ ሳይፈጸም ባይከፈል ይሻላል።

ምርመራው ጥቂት ቀን ይፈጃል፤ ሻጩም «ሌላ ገዢ መጥቶብኛል» እያለ ያስቸኩል ይኾናል። ነገር ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። እናንተም መምህራንና ሽማግሎች ሆይ፥ ለምስክርነት በተጠራችሁ ጊዜ ብዕሩን ከማንሣታችሁ በፊት «ካርታው የታለ? ፈቃዱስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ቢቈጣ ለአንድ ቀን ነው፤ በእናንተ ፊርማ አምኖ ገንዘቡን ያጣ ጎረቤት ግን ዕድሜውን ኹሉ ያዝንባችኋል።