ስላይድዎ አዳራሽ ሲደርስ ፊደሉ እንዳይጠፋ

አምሽተው በአማርኛ ያዘጋጁት ፓወርፖይንት በአዳራሹ ኮምፒውተር ሲከፈት ፊደሉ ባዶ ሳጥን ቢሆንስ? አለቃዎም ደንበኛዎም እያዩ ነው! ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የተጠቀሙበት ፎንት እዚያ ኮምፒውተር ላይ አለመጫኑ ነው።

ስለዚህ ከቤት ሳይወጡ ይዘጋጁ። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣውን ኢብሪማን ይምረጡ። ሌላ ፎንት ከወደዱ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ የሚሉትን ተከትለው ፎንቱ ከፋይሉ ጋር እንዲቀመጥ የሚያደርገውን ምርጫ ምልክት ያድርጉበት። ለመጠባበቂያ አንድ ቅጂ በፒዲኤፍ ይያዙ፤ የስላይዱ እንቅስቃሴ ቢቀርም ጽሑፉ እንደነበረ ይታያል።

መድረክ ላይ ኤፍ5 ስላይዱን ከመጀመሪያው ያስጀምርልዎታል። ቢ የሚለው ቁልፍ ደግሞ ስክሪኑን ያጠቁረዋል፤ መልሰው ሲጫኑት ይመለሳል። ዋጋ የሚናገሩበት ደቂቃ ላይ ይሞክሩት፤ ሁሉም ዓይን ወደ እርስዎ ይዞራል።