መብራት ቢጠፋም ስሌቱ አይቆምም
በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ካምፓስ ሆናችሁ ሩቅ ባለ የዩኒቨርሲቲ ክላስተር ለምትሠሩ፦ ኔትወርክ ሲቋረጥ ስሌቱ አብሮ የሚሞተው ፕሮግራሙን በቀጥታ ከተርሚናሉ ስለምታስነሱት ነው። በኤስኤስኤች የምትገቡበት ኮምፒውተር ፋይል ማዘጋጃ ነው፤ ከባድ ሥራ ብትጭኑበት አስተዳዳሪው ያቋርጠዋል፣ እውነቱን ነው። ስንት ኮር፣ ስንት ጊጋባይት ሚሞሪ፣ ስንት ሰዓት እንደምትፈልጉ አጭር ስክሪፕት ላይ ጻፉና ክላስተሩ ስለርም የተባለው የሥራ ወረፋ አስተዳዳሪ ሶፍትዌር ካለው በ«ኤስባች» ትእዛዝ አስረክቡ። የሥራ ቁጥር ይሰጣችኋል። በቃ፣ ላፕቶፑን ዝጉት።

ሰዓቱን አሳንሳችሁ ከጠየቃችሁ ሥራው ሳያልቅ ይቆረጣል። አብዝታችሁ ከጠየቃችሁ ደግሞ ወረፋ ትጠብቃላችሁ፤ ስለርም አጫጭር ሥራዎችን በየክፍተቱ እየሸጎጠ ያሳልፋቸዋልና። ስለዚህ መጀመሪያ በትንሽ ዳታ ሞክሩና የወሰደውን ጊዜ እዩ። የሥራችሁን ሁኔታ በ«ኤስኪው» ትእዛዝ ስታዩ «ፒዲ» ካለ ገና ወረፋ ላይ ነው፣ «አር» ካለ እየሠራ ነው።