እንቅልፍና የማስታወስ ኃይል

ሰው ከዕድሜው ሲሶ ያህሉን የሚያሳልፈው በእንቅልፍ ነው። ስድሳ ዓመት የኖረ ሰው ሃያውን ዓመት ተኝቶ አሳልፏል ማለት ነው። ይህን የሚያህል ዘመን ያለ ሥራ የሚያልፍ ስለሚመስል እንቅልፍ በብዙዎች ዘንድ የስንፍና ምልክት ሆኖ ይቈጠራል፤ ተማሪም የፈተና ሰሞን አስቀድሞ የሚቀንሰው ከእንቅልፉ ነው። ይሁን እንጂ አንጎል ቀን የሰበሰበውን ዕውቀት የሚያደላድለው በአብዛኛው ሌሊት መሆኑን ሊቃውንት በምርምር ደርሰውበታል።

ነገሩን በምሳሌ ለመረዳት በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም እምብርት ያለውን ሱቅ ዐረቢ የተባለውን ገበያ እናስብ። ይህ ገበያ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ክፉኛ ከመጎዳቱ በፊት ጨርቅ ነጋዴው፣ ወርቅ ሻጩና የአውቶቡስ ተሳፋሪው የሚተራመስበት ስፍራ ነበር። ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ብዙ ሴቶችም በካርቱም ጎዳናዎችና ገበያዎች ሻይና ቡና እያፈሉ ይተዳደሩ ነበር። እነዚህ ሴቶች ዐረብኛን የሚማሩት ያለ መጽሐፍና ያለ መምህር፣ ከደንበኛ አፍ በመስማት ነው። አንዳንዱ ቃል አያስቸግርም፤ ጀበና በዚያም ጀበና ነው፤ ዝንጅብልም ‹ዘንጀቢል› ይባላል። አንዳንዱ ግን መምሰሉ ራሱ ያሳስታል። ስኳር ሻጩ ዋጋውን ‹ኸምሳ› ሲላት አዲስ ገቢዋ ሃምሳ ያለ ይመስላታል፤ በዐረብኛ ግን ኸምሳ አምስት ነው፤ ሃምሳ ‹ኸምሲን› ይባላል። ‹ሰብዓ›ም ሰባት እንጂ ሰባ አይደለም። ሁለቱ ቋንቋዎች ሴማውያን በመሆናቸው ዝምድናቸው አንዳንድ ጊዜ ገንዘብ ያስከስራል። ታዲያ ዛሬ በስሕተት የተማረችው ቍጥር ነገ ከአእምሮዋ እንዳይጠፋ የሚያደርገው ምንድን ነው?

መርሳትን በሙከራ በመመርመር ግንባር ቀደም የሆነው ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ትርጕም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በቃሉ እያጠና በራሱ ላይ ቢፈትን፣ ካጠናው አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ሆኖ ማግኘቱን ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ1924 ደግሞ በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርስቲ ጄንኪንስና ዳለንባክ የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለት ተማሪዎችን ዐሥር ዐሥር እንዲህ ያሉ ክፍለ ቃላት አስጠንተው፣ አንድ ጊዜ ወዲያው እንዲተኙ፣ ሌላ ጊዜ የዕለት ሥራቸውን እንዲቀጥሉ አደረጉ። ከስምንት ሰዓት በኋላ ሲጠየቁ፣ ተኝተው በነቁ ጊዜ ግማሽ ያህሉን አስታወሱ፤ ነቅተው በዋሉ ጊዜ ግን የቀረላቸው አንድ ያህል ብቻ ነበር። ተመራማሪዎቹ ከዚህ ተነሥተው፣ የፊተኛውን ዕውቀት የሚያስረሳው ከኋላ እየመጣ የሚጫነው አዲስ ነገር ነው አሉ። በገበያ መካከል ለሚማር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው፤ አንዱን ቃል ሳያጣጥም ሌላ ዐሥር ይወርድበታል።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ምርምር ግን እንቅልፍ ዕውቀትን ከጫና ከመጠበቅ የበለጠ ሥራ እንዳለው አሳይቷል። አዲስ ትምህርት መጀመሪያ የሚያርፈው ሂፖካምፐስ በተባለ፣ በአንጎል ውስጠኛ ክፍል በሚገኝ ትንሽ አካል ነው። ይህም ለዕለት የተቀበለውን ቀስ በቀስ ለላይኛው ሰፊ የአንጎል ክፍል ያስረክባል። እ.ኤ.አ. በ1994 ዊልሰንና ማክኖተን የተባሉ ሊቃውንት፣ አይጦች ሲንቀሳቀሱ በሂፖካምፐስ ውስጥ አብረው የሠሩ የነርቭ ሕዋሳት፣ አይጦቹ በተኙ ጊዜም እንደገና አብረው ሲሠሩ አገኟቸው። ተኝቶ የቀኑን መንገድ እንደ መመላለስ ያለ ነው።

ስለ ቃላት የተደረገው ሙከራ ለምሳሌያችን ይበልጥ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2007 ዱሜይና ጋስኬል የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ከታወቁ ቃላት ጋር የሚመሳሰሉ የፈጠራ ቃላትን ለሰዎች አስተማሩ። አዲሱ ቃል በአእምሮ ካለው መሰሉ ጋር እንደ እውነተኛ ቃል መሻማት የጀመረው ተማሪው እንቅልፍ ካገኘ በኋላ ነበር። ያን ያህል ሰዓት ነቅተው በዋሉት ላይ ግን ይህ አልታየም። እንግዲህ ‹ኸምሳ› ከ‹ሃምሳ› አጠገብ የራሱን መቀመጫ የሚያገኘው በእንቅልፍ ረዳትነት ነው ለማለት ይቻላል።

እንቅልፍ ሲጎድል የሚደክመው ማስታወስ ብቻ አይደለም፤ ማሰብም ይሰናከላል። እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ ራንዲ ጋርድነር የተባለ የ17 ዓመት ተማሪ 264 ሰዓት ሳይተኛ ቈየ። በመጨረሻው ዕለት ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሰ እንዲቈጥር ቢታዘዝ 65 ላይ ደርሶ ቆመ፤ ለምን እንደቆመ ሲጠየቅም ምን ይሠራ እንደነበረ ረስቶት ነበር። ይህ እጅግ የበዛ ነው ቢባል እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በአውስትራሊያ የወጣ ጥናት፣ 17 ሰዓት ነቅቶ የቈየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ ከመቶ 0.05 እጅ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚቀንስ አመልክቷል። ከሌሊቱ በ10 ሰዓት ተነሥታ ከሰል የምታቀጣጥል ሴት ከምሽቱ በ3 ሰዓት 17 ሰዓት ሞልቷታል፤ ሒሳብ የምትዘጋውም በዚያው ሰዓት ነው።

ቡና ይህን ድካም ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም። ሰው ነቅቶ በቈየ ቍጥር በአንጎሉ ውስጥ አዴኖሲን የተባለ እንቅልፍ ጠሪ ንጥረ ነገር ይከማቻል። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የአዴኖሲንን መቀመጫ ስለሚይዝበት ጥሪው አይሰማም፤ ክምችቱ ግን አልቀነሰም። ከተጠጣውም ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ የማታ ቡና የሌሊቱን እንቅልፍ ያሳሳዋል። ለፈተና ሲል ቡና ወይም ጫት ይዞ የሚያነጋ ተማሪም ያጠናውን የሚያደላድልበትን ሰዓት በጥናቱ ላይ ያውለዋል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ዕድሜ ላለ ወጣት የሚመከረው ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ነው። በነገራችን ላይ፣ በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን የቃል ትምህርት በማታ ይሰጥ የነበረው መጽሐፍና ብርሃን ስለማያስፈልገው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ተማሪው ቃሉን እንደያዘ ወደ መኝታው መሄዱ ከዘመናዊው ምርምር ጋር የሚስማማ ነው።

የቀን እንቅልፍም ቢሆን ዋጋ አለው። ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል የተተኛ ሰው በአንዳንድ ትምህርት ላይ መሻሻል ማሳየቱ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ጥናት ታውቋል። በሱዳን የቀትሩ ሐሩር ሲበረታ ጋደም ማለት የቈየ ልማድ ሲሆን ‹ቃይሉላ› ይሉታል። ምድጃዋን ትታ መሄድ ለማትችለው ቡና አፍይ ግን ያ ሰዓት የሥራ ሰዓት ነበር።