የሞተር ሳይክል ከፍታ ዝቅ ማድረጊያ

የሞተር ሳይክል ከፍታ ዝቅ ማድረጊያ የሞተር ሳይክልን መቀመጫና አካል ወደ መሬት ለማቅረብ አሞርዛተሩን፣ ሞላውን ወይም እነርሱ የሚታሰሩበትን ብረት የሚቀይር የመለዋወጫ ስብስብ ነው። ይበልጥ የሚታወቀው «ክሩዘር» በሚባሉት፣ መቀመጫቸው ዝቅ ባለና መሪያቸው ወደ ነጂው በተሳበ ትልልቅ ሞተር ሳይክሎች ላይ ነው። ይህ ቅርጽ የተስፋፋው ከአሜሪካ ሲሆን በ1903 እ.ኤ.አ. በሚልዋኪ ከተማ የተመሠረተው ሃርሊ ዴቪድሰን ዋነኛ ምሳሌው ነው። በኢትዮጵያ ክሩዘር ብዙ አይታይም። በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች የተለመዱት ከኋላ ሁለት አሞርዛተር ያላቸው ቀላል ሞተር ሳይክሎች ናቸው። የኋላ አሠራራቸው ከብዙ ክሩዘሮች ጋር ስለሚመሳሰል የአመራረጡ መርሕ ለሁለቱም ያገለግላል።

ዓላማ

ከፍታን ለመቀነስ ዋናው ምክንያት የነጂው እግር መሬት በደንብ እንዲረግጥ ነው። አጭር ነጂ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ሲዞር ወይም ሰው ሲያፈናጥጥ በጣቱ ጫፍ ብቻ ከረገጠ ሞተር ሳይክሉ በቀላሉ ያዘነብልበታል። ሁለተኛው ምክንያት መልክ ነው። ሁለቱ ምክንያቶች ግን አንድ ዓይነት ዋጋ የላቸውም፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ከመሬት ያለው ክፍተትና የአሞርዛተሩ እንቅስቃሴ ይቀንሳልና።

የጅማ አካባቢ መንገዶች

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከጅማ ወደ አጋሮና ወደ ቦንጋ የሚወስዱት ዋና መንገዶች አስፋልት ናቸው። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ቡና ማሳዎችና ወደ እሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች የሚያስገባው መንገድ ግን በአብዛኛው ጠጠር ወይም ቀይ አፈር ነው። በክረምት አፈሩ ያንሸራትታል፤ የመኪና ጎማም ጥልቅ ቦይ ይቆፍርበታል። ቡና በሚለቀምበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ዝናቡ ሲቀንስ ያው ቦይ ደርቆ ይጠነክራል፤ መካከሉም እንደ ጉብታ ይቀራል።

ስለዚህ ምርጫው ሁለት አደጋዎችን ማመዛዘን ይጠይቃል። በጭቃ ላይ እግሩ የማይደርስ ነጂ ይወድቃል። ከልክ በላይ ዝቅ ያለ ሞተር ሳይክል ደግሞ ጉብታ ላይ በሞተሩ ሆድ፣ በማርሚታው ወይም በእግር መርገጫው ይጋጫል። ጭነት ሲጨመር ችግሩ ይብሳል፤ ለውጭ ገበያ የሚዘጋጅ አንድ ጆንያ ቡና 60 ኪሎ ግራም ሲሆን ይህ የአንድ ሰው ክብደት ማለት ነው።

ዓይነቶች

• አጭር አሞርዛተር፦ የቀድሞው ጥንድ ወጥቶ በአጭር ጥንድ ይተካል። እንቅስቃሴው ስለሚያጥር ጠንከር ያለ ሞላ ያስፈልገዋል።
• ማሰሪያ ማሸሻ ብረት፦ የአሞርዛተሩን የታች ማሰሪያ ወደ ኋላ ያሸሻል። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን አሞርዛተሩ ይበልጥ ስለሚያዘነብል የኋላው ይለሰልሳል፣ ጎማውም ፓራፋንጎውን ሊነካ ይችላል።
• የማገናኛ ብረት ለውጥ፦ ከኋላ አንድ አሞርዛተር ብቻ ኖሯቸው በማገናኛ ብረት ለሚሠሩ ሞተር ሳይክሎች ነው።
• የፊት ሹካን ማንሸራተት፦ የሹካው ቱቦዎች በማቀፊያቸው ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ይገፋሉ፤ የፊቱ ክፍል በዚያው ልክ ይወርዳል።

ሞላን በመጋዝ ወይም በእሳት መቁረጥ ከነዚህ አይቆጠርም። የተቆረጠ ሞላ በቦታው በትክክል አይቀመጥም፤ እሳት ያገኘው ብረትም ጥንካሬውን ያጣል።

አመራረጥ

መጀመሪያ የሚለካው አሁን ያለው ሁኔታ ነው። ሞተር ሳይክሉ የኋላ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሳለ ከጎማው መሐል እስከ መቀመጫው ሥር ያለው ርቀት ይለካል፤ ከዚያ ነጂው ተቀምጦ ዳግም ይለካል። ልዩነቱ ከአሞርዛተሩ ሙሉ እንቅስቃሴ ከሩብ እስከ ሲሶ ያህል ቢሆን ተገቢ ነው። ለምሳሌ ጎማው በጠቅላላ 100 ሚሊ ሜትር የሚንቀሳቀስ ከሆነ ነጂው ሲቀመጥ ከ25 እስከ 33 ሚሊ ሜትር ቢወርድ በቂ ነው። አሁንም ከዚህ በላይ የሚወርድ ከሆነ ችግሩ የደከመ ሞላ ሊሆን ስለሚችል ዝቅ ማድረጊያ መግዛት ያባብሰዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የፊትና የኋላ ሚዛን ነው። የኋላው ብቻ ሲወርድ ሹካው ይበልጥ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ መሪው ይከብዳል፣ የፊት መብራቱም ወደ ላይ ያበራል። የፊቱ ብቻ ሲወርድ መሪው ይቀልላል፤ በፍጥነት ጊዜም ይዋልላል። መቀመጫው በሁለቱ ጎማዎች መካከል ስለሚገኝ የኋላው 30 ሚሊ ሜትር ቢወርድ መቀመጫው ሙሉውን 30 አይወርድም።

ሦስተኛው ልክ ነው። የአሞርዛተሩ ርዝመት ከላይኛው ቀለበት መሐል እስከ ታችኛው ቀለበት መሐል ይለካል፤ የብሎኑ ውፍረትም መግጠም አለበት። የግራውና የቀኙ አንድ ዓይነት መሆን ይገባቸዋል።

ተያያዥ ለውጦች

ከፍታው ከተቀነሰ በኋላ የጎን መቆሚያው በዚያው ልክ ማጠር አለበት። ካልሆነ ሞተር ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ይቆምና በትንሽ ንክኪ ወደ ሌላው ጎን ይወድቃል። የካቴናው ውጥረት፣ የፍሬን ገመዱ ወይም ቱቦው እና የፊት መብራቱ አቅጣጫም እንደገና ይታያሉ። ጎማው እስከ መጨረሻው ሲወጣ ፓራፋንጎውን አለመንካቱ የሚረጋገጠው ሞላውን አውጥቶ ጎማውን በእጅ በማንሣት ነው።

አማራጮች

ለአጭር ነጂ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው መፍትሔ መቀመጫው ነው። የመቀመጫውን ስፖንጅ መቀነስና ጎኖቹን ማጥበብ አሞርዛተሩን ሳይነካ እግርን ወደ መሬት ያቀርባል፤ ወፍራም ሶል ያለው ጫማም ይረዳል። ለአስፋልት ብቻ ለሚነዳ ክሩዘር ዝቅ ማድረጊያ ምክንያታዊ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ሰውና ቡና ጭኖ ከአስፋልት ለሚወጣ ሞተር ሳይክል ግን የፋብሪካው ከፍታ ቢጠበቅ ይመረጣል።