ሲጋራና ገና ተሠርቶ ያላለቀው አንጎላችን

ሲጋራ ሳንባን እንደሚጎዳ ሁላችንም ተምረናል። ዛሬ ግን ብዙ ስለማይወራለት ነገር፣ ሲጋራ የወጣቶችን አንጎል ምን እንደሚያደርገው ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ።

አንጎላችን ግራጫና ነጭ ክፍል አለው። ግራጫው የሚያስበው ነው። ነጩ ደግሞ መልእክት የሚያመላልሰው ሲሆን የአንጎላችንን ግማሽ ያህል ይይዛል። ነጭ የሆነውም የነርቭ ክሮቹ ማይሊን በሚባል ቅባትነት ባለው ነገር ስለተሸፈኑ ነው።

ይህን ለመረዳት እስኪ የመስኖ ቦይ አስቡ። አጎቴ መርሳ አጠገብ ብርቱካንና ማንጎ አላቸው። ውሃው በአፈር ቦይ ሲመጣ መሬት ውስጥ እየሰረገ መንገድ ላይ ይቀራል። በሲሚንቶ በተለሰነ ቦይ ሲመጣ ግን ሳይባክን ቶሎ ይደርሳል። ማይሊንም እንደ ልስኑ ነው። ሽፋን በሌለው ነርቭ መልእክት በሴኮንድ 1 ወይም 2 ሜትር ቢሄድ ነው። ጥሩ ሽፋን ባለው ግን እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ይህ ማለት በወልድያ ስታዲየም ከአንዱ ጎል ተነስቶ ሌላው ጎል ለመድረስ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ ያውም በአንድ ሴኮንድ!

ታዲያ ይህ ልስን ቶሎ አያልቅም። እስከ 25 ዓመት ገደማ ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ከግንባራችን ጀርባ ያለው ክፍል ነው። እሱ ደግሞ «ቆይ፣ አስብ፣ ይቅርብህ» የሚለን ነው። እኛ ገና 13 ዓመታችን ነው፤ ሲሚንቶው አልደረቀም። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የተረገጠ ዱካ ደግሞ እንዳለ ይደርቃል።

ሰው ሲጋራ ሲስብ ኒኮቲን ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ ውስጥ አንጎሉ ይደርሳል። ዶፓሚን የሚባል ደስታ የሚሰጥ ንጥረ ነገር እንዲለቀቅ ያደርጋል። አንጎልም ይለምድና «ጨምርልኝ» ይላል። በኤም አር አይ መሣሪያ የወጣት አጫሾችን አንጎል ያዩ ተመራማሪዎች ነጩ ክፍል ከማያጨሱት የተለየ ሆኖ አግኝተውታል። ልዩነቱን ያመጣው ሲጋራው ብቻ መሆኑን ለመለየት አሁንም እያጠኑ ነው። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ግን ኒኮቲን በማደግ ላይ ያለን አንጎል እንደሚለውጥ ታይቷል። በልጅነቱ የጀመረ ሰውም ለማቆም የበለጠ ይቸገራል።

አጎቴ ለዚህ ምስክር ናቸው። የጀመሩት በ15 ዓመታቸው ነው። ሦስት ጊዜ አቁመው ሦስቴም ተመልሰውበታል። ባለፈው ለእረፍት ስሄድ «ሂድና አንድ ፍሬ ሲጋራ አምጣልኝ» አሉኝ። ባለሱቁም ምንም ሳይጠይቀኝ ሰጠኝ። ያኔ ሕጉን አላውቅም ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራ መሸጥን ይከለክላል። በፍሬ መሸጥም ክልክል ነው። ስለዚህ ያቺ አንድ ፍሬ ሲጋራ ሁለት ጊዜ ሕግ ጥሳለች ማለት ነው።

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ለአጎቴ በስልክ አነበብኩላቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ከእንግዲህ አልክህም» አሉኝ። አቆማለሁ ግን አላሉም። ለማቆም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ጓደኞቼ፣ ለእኛ ቀላሉ አለመጀመር ነው። ሲጋራ ግዙ ብለው ሲልኩን «ለእኛ መሸጥ በሕግ ክልክል ነው» ብለን በትሕትና እንንገራቸው። ጓደኛ «አንዴ ብቻ ሞክር» ሲለን እርጥቡን ሲሚንቶ እናስታውስ። መምህሮቻችንንም አንድ ነገር እንጠይቃለን፤ ግንቦት 23 የዓለም ትምባሆ የማይጨስበት ቀን ስለሆነ በዚያ ሰሞን በሰልፍ ላይ አምስት ደቂቃ ስጡን። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።