ያውቁ ኖሯል? ዝም ብለው የሚከሽፉ ስክሪፕቶች

ያውቁ ኖሯል? በሊኑክስ ተርሚናል ላይ የሚያዙት ትእዛዝ ሁሉ ሥራውን ሲጨርስ አንድ ቁጥር ትቶ ይወጣል። 0 ከሆነ ተሳክቷል፤ ሌላ ቁጥር ከሆነ ግን የሆነ ችግር አለ። ቁጥሩ በራሱ ስክሪን ላይ አይወጣም፤ «ኤኮ» ብሎ የዶላርና የጥያቄ ምልክት በማስከተል መጠየቅ ያስፈልጋል። ሲጠየቅ ግን ብዙ ይናገራል። 127 ማለት ትእዛዙ ጭራሽ አልተገኘም፤ 126 ማለት ተገኝቷል፣ ነገር ግን ሊሠራ አልቻለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ ስለሌለው ነው። ከ128 በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙ በራሱ አልወጣም፣ በሲግናል ተቋርጧል ማለት ነው። ከቁጥሩ ላይ 128 ሲቀንሱ ያቋረጠውን ሲግናል ያገኙታል። 130 ሰው «ኮንትሮል ሲ» ተጭኖበት ነው። 137 ደግሞ ሲግናል 9 ነው፤ ብዙ ጊዜ ሜሞሪ አልቆ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ፕሮግራሙን ሲገድለው የሚመጣ ነው። ሌሊት የተነሣ ስክሪፕት 137 ብሎ ካደረ፣ ኮዱን ከማገላበጥ በፊት የማሽኑን ሜሞሪ ማየት ይቀድማል።

ሁሉም መሣሪያ ግን በዚህ ደንብ አይሄድም። ፋይል ውስጥ ቃል የሚፈልገው ግሬፕ 1 ብሎ ሲወጣ «የተፈለገው ቃል የለም» ማለቱ ነው፤ እውነተኛው ስሕተት 2 ነው። በዊንዶውስ ላይ ፋይል የሚገለብጠው ሮቦኮፒ ደግሞ ሥራውን በሚገባ ከሠራ በኋላ 1 ይመልሳል፤ ያልተገለበጠ ፋይል መኖሩን የሚናገረው ከ8 ጀምሮ ነው። ይህን ያላወቀ አውቶሜሽን የተሳካ ባክአፕን በየቀኑ «ከሽፏል» ብሎ ኢሜይል ይልካል። በከንቱ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ሳይውል ሳያድር የሚያነበው ያጣል።

ያውቁ ኖሯል? የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለቀጣዩ የሚያቀብለው ፓይፕ ወደ ዩኒክስ የገባው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ሐሳቡን ለዓመታት ሲጎተጉት የኖረው ዳግ ማክኢልሮይ ሲሆን፣ በቤል ላብስ ኮዱን የጻፈው ኬን ቶምሰን ነው። ግሩም ፈጠራ ነው፤ አንድ ወጥመድ ግን አለበት። በፓይፕ ከተሰለፉት ትእዛዞች መካከል ሼሉ (ትእዛዞቹን ተቀብሎ የሚያስሠራው ፕሮግራም) የሚያየው የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ነው። ዳታቤዝ የሚያወጣ ትእዛዝ ወደ ፋይል ማሸጊያው ጂዚፕ ፓይፕ ተደርጎ ሳለ የይለፍ ቃሉ ተቀየረ እንበል። የመጀመሪያው ትእዛዝ ይወድቃል፤ ጂዚፕ ግን የደረሰውን ባዶ ነገር በደንብ አሽጎ 0 ብሎ ይወጣል። ስክሪፕቱ «ተሳክቷል» ይላል፤ በየሌሊቱም ቀኑ የተጻፈበት አዲስ የባክአፕ ፋይል ይቀመጣል። ፋይሉን ዘርዝረው መጠኑን ሲያዩ 20 ባይት ነው፦ ምንም ያልያዘ የጂዚፕ ፋይል መጠን። ከስክሪፕት ብልሽቶች ሁሉ ለእኔ የከፋው ይህ ነው፤ ባክአፑ በሚያስፈልግበት ቀን ካልሆነ አይታወቅምና። ባሽ በተባለው የተለመደ ሼል ውስጥ «ፓይፕፌይል» የተባለውን ምርጫ ማብራት ከመሃል የወደቀውንም ያጋልጣል። በዚያ ላይ የፋይሉን መጠን የሚፈትሽ አንድ መስመር ቢጨመር ብዙ ቤት ይተርፋል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስጋት አይደለም። ጥር 2009 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 31 ቀን 2017) ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ መሐንዲስ በሌላ ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት ዋናውን የዳታቤዝ ፎልደር መሰረዝ ጀመረ። ወዲያው ነቅቶ ቢያቆመውም ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ባክአፑ ሲፈለግ ማስቀመጫው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ባክአፕ የሚሠራው መሣሪያ የ9.2 ስሪት፣ ዳታቤዙ ደግሞ የ9.6 ስለነበር ሥራው በየጊዜው በስሕተት ይቋረጥ ነበር። ስክሪፕቱ ስሕተቱን በኢሜይል አሳውቆ ነበር፤ ኢሜይሎቹ ግን የላኪ ማረጋገጫ ስለጎደላቸው ተቀባዩ ጋ ሳይደርሱ ተመለሱ። ኩባንያውን ያዳነው መሐንዲሱ ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ጉዳይ በእጁ ያነሣው የዲስክ ቅጂ ነው። ከምስጋና ጋር የማነሣው ነገር አለ፦ ጊትላብ ይህን ሁሉ ሳይደብቅ በዝርዝር ጽፎ አወጣ፤ ዳታውን የመመለሱን ሥራም በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላለፈ።

ኢሜይሉ ቢደርስስ? በኦገስት 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ድርጅት አዲስ ኮድ በስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ሲገባው አንዱ ተረሳ። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ አንድ አሮጌ ፕሮግራም የሚጠቅሱ 97 የስሕተት ኢሜይሎችን ለሠራተኞች ላከ። እንደ ማስጠንቀቂያ የታሰቡ ስላልነበሩ የተከታተላቸው የለም። ገበያው ሲከፈት የተረሳው ሰርቨር ያንኑ አሮጌ ፕሮግራም አስነሣ፤ በ45 ደቂቃ ውስጥ የደረሰው ኪሳራ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ስቲም የተባለው የጨዋታ መሸጫ የሊኑክስ ስክሪፕት የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን ፋይል ጠራርጎ ያጠፋው በአንድ ባዶ ተለዋዋጭ የተነሣ ነው። ስክሪፕቱ መጀመሪያ የስቲምን ፎልደር አድራሻ ይፈልግና በተለዋዋጭ ውስጥ ያስቀምጣል። በኋላ «ከዚህ አድራሻ፣ ከዚያም ከሕዝባሩ (/) ቀጥሎ ያለውን ሁሉ ሰርዝ» ይላል። ተጠቃሚው ፎልደሩን ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮት ከሆነ ፍለጋው ይከሽፍና ተለዋዋጩ ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚቀረው ሕዝባሩ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የማሽኑ ሥር፣ ማለትም ሁሉም ነገር ነው። የተሰካ የውጭ ሃርድ ዲስክም አልተረፈም። ኮዱን የጻፈው ሰው አደጋው ሳይታየው አልቀረም፤ ከመስመሩ በላይ «ያስፈራል» የሚል ማስታወሻ አኑሮበት ነበር።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ነገር አለ። «ዩ» የተባለው የባሽ ምርጫ ያልተሰየመ ተለዋዋጭ ሲያገኝ ስክሪፕቱን ያስቆማል፤ ተሰይሞ ባዶ የሆነውን ግን ያሳልፈዋል። በስቲም ላይ የደረሰው ሁለተኛው ዓይነት ነው። ለዚህ ፍቱኑ፣ በተለዋዋጩ ስም መጨረሻ፣ ከቅንፉ ውስጥ፣ ሁለት ነጥብና የጥያቄ ምልክት (:?) ማስገባት ነው፤ ባዶም ሆነ የሌለ ሲያጋጥም እዚያው ቀጥ ያደርገዋል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ባምብልቢ በተባለ ፕሮግራም የመጫኛ ስክሪፕት ውስጥ፣ ሊሰረዝ በታሰበ አድራሻ መሃል አንዲት ክፍት ቦታ በስሕተት ገባች። አድራሻው ለሁለት ተከፈለና የመጀመሪያው ግማሽ፣ የሲስተሙ ፕሮግራሞች የሚኖሩበት ዋና ፎልደር፣ ተሰረዘ።

ያውቁ ኖሯል? በእጅ ሲጀምሩት የሚሠራ ስክሪፕት በሰዓት ቆጣሪው በክሮን ሲጀመር የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ክሮን የእርስዎን ቅንብር ስለማያነብ ነው። ፕሮግራም የሚፈልገው በጥቂት ፎልደሮች ውስጥ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የትእዛዙን ሙሉ አድራሻ መጻፍ ይበጃል። በክሮን መስመር ላይ የፐርሰንት ምልክት (%) አዲስ መስመር ተደርጎ እንደሚቆጠር ደግሞ የሚያውቀው ጥቂት ነው። በፋይል ስም ላይ ቀን ለመጨመር በፐርሰንት የጻፉት ትእዛዝ ከመሃሉ የሚቆረጠው ለዚህ ነው፤ ከምልክቱ ፊት የኋላ ሕዝባር (\) ይጨምሩ። ክሮን የስሕተት መልእክትን ለባለቤቱ በማሽኑ ውስጥ ባለ የፖስታ ፕሮግራም ይልካል፤ ዴቢያን በተባለው ሊኑክስ ላይ የፖስታ ፕሮግራም ካልተጫነ መልእክቱ ይጣላል።

ሰዓቱስ? ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሪፖርት እንዲላክ የፈለገ የአዲስ አበባ ባለሙያ በሰዓቱ ቦታ 2 ብሎ ቢጽፍ፣ ሰርቨሩ በእኛ የሰዓት ቀጠና ላይ ከሆነ ሪፖርቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይወጣል፤ ክሮን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነውና። ትክክሉ 8 ነው። በውጭ የተከራዩት ሰርቨር ግን ብዙ ጊዜ በዓለም አቀፉ ሰዓት (ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ) ስለሚሄድ እዚያ የሚጻፈው 5 ነው። ሦስቱም ቁጥር ትክክል ይመስላል፤ ሦስቱም ያለ ስሕተት መልእክት ይሠራሉ። ዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው፦ በማርች ሁለተኛው እሑድ ሰዓቱ ወደፊት ስለሚገፋ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል የሚባለው ጊዜ ጨርሶ የለም።

ያውቁ ኖሯል? በፈረንጆቹ ከጃንዋሪ እስከ ጁላይ ያለ ችግር ሠርቶ ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ ብቻ የሚወድቅ፣ በወር ቁጥር የሚያሰላ ስክሪፕት አለ። ባሽ በ0 የሚጀምርን ቁጥር በ8 የሚቆጠር አድርጎ ይወስደዋል። 07 ድረስ ልዩነት የለውም፤ 08 እና 09 ግን በዚያ አቆጣጠር የሌሉ ቁጥሮች ስለሆኑ ስሌቱ ይቋረጣል። የኦክቶበር ቁጥር 10 ስለሆነ እንደገና ይድናል። በእኛ ከሐምሌ ማገባደጃ እስከ መስከረም 20 ገደማ መሆኑ ነው። ከቁጥሩ ፊት «10#» መጻፍ ይፈታዋል።

በዊንዶውስ ተጽፎ ወደ ሊኑክስ የተላከ ስክሪፕት «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ቢልዎ፣ ፋይሉ ዓይንዎ ፊት ተቀምጦ እያለ፣ የመስመር መጨረሻውን ይጠርጥሩ። ዊንዶውስ በየመስመሩ መጨረሻ ሁለት የማይታዩ ምልክቶች ያኖራል፤ ሊኑክስ የሚያውቀው አንዱን ነው። ትርፉ ምልክት ከ«ባሽ» ስም ጋር ይጣበቅና ሊኑክስ በዚያ ስም የሚጠራ ፕሮግራም ፈልጎ ያጣል። «ዶስቱዩኒክስ» የተባለው ትንሽ መሣሪያ ያጸዳዋል።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ገባ፤ በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ሰላም» በዓይን ሦስት ፊደል፣ በዲስክ ላይ ግን 9 ባይት ነው። የተለመደው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ለአንድ የፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ስለሆነ፣ በአማርኛ ፊደል ብቻ የተጻፈ ስም ከ85 ፊደል ሊያልፍ አይችልም። ዊንዶውስ ግን 255 ፊደል ድረስ ይቀበላል። «የ2016 በጀት ዓመት የአራተኛ ሩብ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት» እያለ የሚቀጥል ስም ያለው ሰነድ በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያለ ችግር ኖሮ ወደ ሊኑክስ ባክአፕ ሲሄድ «ስሙ ረዘመ» ተብሎ የሚቀረው ለዚህ ነው። ከ3.7 በፊት የነበረ ፓይተን ደግሞ የቋንቋ ቅንብር በሌለው ክሮን ውስጥ አማርኛ አትም ሲባል ይወድቅ ነበር፤ ተርሚናል ላይ ያው ስክሪፕት ይሠራል። አሮጌ ሰርቨር ያለው መሥሪያ ቤት ዛሬም ያጋጥመዋል።

ያውቁ ኖሯል? ዳታ ከድረ ገጽ የሚያወርደው ከርል ገጹ ባይኖርና ሰርቨሩ 404 ብሎ ቢመልስም 0 ብሎ ይወጣል፤ ዳታው መጣ ብለው ያስቀመጡት የስሕተት ገጹን ነው። «ፌይል» የሚባለውን ምርጫ ካልጨመሩ አይናገርም።

የሰርቨሮች ዝርዝር ከፋይል እያነበበ በየተራ በኤስኤስኤች የሚገባ ስክሪፕት አንዱን ብቻ ጎብኝቶ ካቆመ፣ ኤስኤስኤች የቀረውን ዝርዝር ለራሱ እንደተላከ ግብዓት ቆጥሮ አንብቦታል። «ኤን» የሚለውን ምርጫ ይጨምሩ።

ዲስኩ ግማሽ ባዶ ሆኖ «ቦታ የለም» የሚል መልእክት ከመጣ፣ ያለቀው የፋይሎች መመዝገቢያው ሊሆን ይችላል፤ «ዲኤፍ» ከ«አይ» ምርጫ ጋር ያሳይዎታል። በብዙ መቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች የሚያጠራቅም ስክሪፕት እንዲህ ያደርጋል።

እነዚህን ብልሽቶች የሚያጋልጡት መሣሪያዎችስ? ቪዳር ሆለን የጻፈው ሼልቼክ ስክሪፕቱን ሳያስነሣው አንብቦ አደገኛ መስመሮቹን ከነምክንያታቸው ይነግራል፤ በነጻ ነው። ኤስትሬስ ፕሮግራሙ ከከርነሉ ጋር የሚነጋገረውን ሁሉ ያሳያል፤ የትኛውን ፋይል ፈልጎ እንዳጣ እዚያ ላይ በግልጽ ይነበባል። «ትናንት ይሠራ ነበር» ለሚባል ነገር ጊት ባይሴክት አለ፦ 1000 ለውጦችን በመሃል እየከፈለ በ10 ሙከራ ገደማ አጥፊውን ያገኛል። የመፈተሻ ስክሪፕት ከሰጡት ሥራውን ብቻውን ይጨርሳል፤ ስክሪፕቱ 125 ሲመልስለት «ይህን ለውጥ መፈተን አልተቻለም» ብሎ ይዘለዋል።

ከሁሉም ቅርቡ ግን ባሽ ውስጥ ያለው የ«ኤክስ» ምርጫ ነው። እያንዳንዱን መስመር ከመሥራቱ በፊት፣ ተለዋዋጮቹ በእውነተኛ ይዘታቸው ተተክተው ያትመዋል። ባዶው ተለዋዋጭ፣ የተሰነጠቀው የፋይል ስም፣ የተሳሳተው አድራሻ ሁሉ እዚያ ይታያል። አንድ ጥንቃቄ ግን ይሻል፦ በተለዋዋጭ የተቀመጠ የይለፍ ቃልም አብሮ ይታተማል። ስለዚህ ሎጉን ለሥራ ባልደረባ ከመላክዎ በፊት የይለፍ ቃሉን ይፈልጉ፤ ከላኩት በኋላ ካገኙት ደግሞ የይለፍ ቃሉን ዛሬውኑ ይቀይሩ።